ክቡር ዝማኔ እና የእታለም ስልክ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ስልኩን እንደ ገዛው የሚጠቀም ሰውና ስልኩ ነገ ምን እንደሚሆን ዛሬ የሚያውቅ ሰው። የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን፤ ብዙ ነን፤ ሰላማዊ ሕዝብ ነን። ሁለተኛው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ብቻ ነው፤ አንዱም በዝቶ ነው።

የእኛው የሚገኘው በማተሚያ ቤታችን ምድር ቤት፣ የወረቀት መቁረጫው ማሽን ላይ ነው። ቀጠን ያለ ጎልማሳ፣ ጸጉሩ ላይ ዘወትር የወረቀት ብናኝ የማይጠፋበት፣ አንገቱ ወደ ስልኩ ያዘነበለ። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የደመወዝ ክፍሏ ካልሆነች በቀር የሚያስታውስ የለም። ለሁላችንም “ክቡር ዝማኔ” ነው።

በዚህ ማዕረግ አሰጣጥ ላይ የእኔም እጅ አለበት። እኔ እርማት ክፍል ነኝ፤ ሰው ያላየው የፊደል ግድፈት ለእኔ እንደ ጥርስ ሕመም የሚሰማኝ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ማስታወቂያ ጽፎ መጣና “ጋሼ፣ ግድፈት ካለው እስቲ እይልኝ” አለኝ። “ዓርብ በምሳ ሰዓት ስለ መጪው ዝማኔ አቀርባለሁ፤ ሁላችሁም ተጋብዛችኋል” ይላል። እኛ በተማርንባቸው መጻሕፍት “ዝማኔ” የሚባል ቃል አልነበረም፤ የስልክ አሠራር እድሳት እንዲህ እንደሚባል የሰማሁት ኋላ ነው። ልጁ ቸኩሎ ተሳስቷል ብዬ አዘንኩለትና በቀዩ እስክርቢቶዬ “ኔ”ን “ሬ” አድርጌ መለስኩለት። እሱም በእኔ እርማት ስለሚተማመን ሳያነበው ለጠፈው።

ዓርብ የጥረዛ ክፍል ሴቶች ጉሯሯቸውን ጠራርገው፣ ለዝማሬ ተዘጋጅተው መጡ። ክቡርነታቸው ቅንጣት ታህል አልተደናገጡም። ዘማሪውን ሁሉ አስቀምጠው ስልክ በመኝታ ሰዓት ባትሪውን እንዴት እንደሚቆጥብ አስተማሩ።

“ክቡር ዝማኔ” የተባሉት ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከሳቸው ማምለጥ የሚባል ነገር የለም። ደረጃ ላይ ብትገናኙ፣ “ይቺን አይተሃል?” ይላሉ። እጅ ስትታጠቡ ከጀርባችሁ ቆመው፣ “በሚመጣው ላይ እኮ ከፎቶ ውስጥ ያልተፈለገ መንገደኛ በጣት ማጥፋት ይቻላል” ይላሉ። ይህን የሰማው ጥበቃችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አማቴንም?” ብሎ ጠየቃቸው። ክቡርነታቸው ግን ቀልድ አያውቁም። “ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ” ብለው መለሱለት።

ለማንኛውም እንከን መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ “እሱ በሚቀጥለው ይስተካከላል።” ሻዩ ቀጠነ? በሚቀጥለው ይስተካከላል። ጣሪያው አፈሰሰ? በሚቀጥለው። የጥረዛ ክፍሏ ኃላፊ የባሏ ማንኮራፋት እንቅልፍ እንደነሳት ብታማርር፣ ከልማድ “እሱ በሚቀጥለው ይስተካከላል” አላት። “በሚቀጥለው ባል?” ብትለው ነው ያን ቀን ማሽኑን ሳያጠፋ የሸሸው።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ዝማኔው ለሕዝብ እስኪወጣ አለመጠበቁ ነው። የሙከራውን ቅጂ በገዛ ስልኩ ላይ ይጭናል። በዚያ ሰሞን ስልኩ እንደ ካውያ ይግላል፤ ጥሪ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ሲፈልግ ጭልም ብሎ ይተኛል። ሚስቱ እሱን ስትፈልግ የምትደውለው ለጥበቃው ነው። “ንገረው፣ ዳቦ ይዞ ይምጣ፤ የሱ ስልክ ዛሬም አልነቃም” ትለዋለች።

ስንስቅበት ኖርን። እንግዲህ ስለ እታለም ላውራችሁ።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ፊደል ያስቆጠረችኝ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ነው፤ ቃሉ ሲጠብቅ የመኪናውን ፔዳል ጠንከር አድርጋ ትረግጣለች፣ ሲላላ ቀስ ትላለች። እኔ አራሚ ሆኜ እንጀራ የበላሁት በሷ እግር ነው ማለት ይቻላል። ዐይኗን ግን ለመርፌ ቀዳዳ ገብራ ጨረሰችው። ሐኪሙም “ያለውን ለማቆየት እንሞክራለን እንጂ የሄደው አይመለስም” አላት።

ይህንን በጸጋ ተቀበለችው። ያልተቀበለችው ሌላ ነገር ነው። በሌላ ከተማ የምትኖር የልጅነት ጓደኛ አለቻት። ሁለቱ ስልክ ደውሎ ማውራት አይሆንላቸውም፤ ጓደኛዋ ቤት ሙሉ ሰው ስለሆነ ወሬያቸው በጽሑፍ ነው፤ እሱም እንደ ስፌት ክር ማለቂያ የሌለው። ታዲያ የእታለም ዐይን ሲደክም አንባቢው እኔ ሆንኩ።

“ይቺን ዝለላት!” ትለኛለች።

“ሳላነባት በምን አውቄ ልዝለላት?”

“አንተ ልጅ፣ ዝለል ስልህ ዝለል! የሴት ወሬ ነው።”

ጓደኛዋም ሌላ ሰው እንደሚያነብላት ጠረጠረች መሰለኝ፣ መልእክቶቿ እያጠሩ መጡ። በመጨረሻ “ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን” ብቻ ሆነ። እታለም ይህንን ሳነብላት፣ “ዐይኔስ ይሂድ፤ ጓደኛዬን ይዞብኝ ሊሄድ ነው” አለች።

ይህን ነገር አንድ ቀን ምሳ ላይ አነሳሁት። ክቡር ዝማኔ ማላመጡን አቆመ። በማግስቱ እርማት ክፍል ድረስ ወጥቶ፣ “ጋሼ፣ የእትዬ ስልክ ምን ዓይነት ነው?” አለኝ። ነገርኩት። “እንግዲያው ይደርሳታል። የሚመጣው ዝማኔ አማርኛ ጮክ ብሎ ያነባል።”

“አንተ ሰው፣ ባልታለበ ወተት አታስጎምጀን” አልኩት።

ያኔ የራሱን ስልክ አውጥቶ የሥራ ማስታወቂያችንን አስነበበው። ድምፁ አማርኛ ነው፤ የሰው ግን አይደለም። ሁሉን አላልቶ ያነባል። “ዋና ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠርተዋል” የሚለውን “ዋና”ን አላልቶ ሲያነበው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጽዳቷ፣ “እኛስ የዋና ልብስ ይዘን እንምጣ?” አለች። ክቡርነታቸው ብቻ አልሳቁም። ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ደጋግመው አዳመጡ።

ዝማኔው ለሕዝብ የወጣ ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት እታለም ቤት መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ስልኳን በሁለት እጁ ተቀበላት። እስኪጫን ረጅም ጊዜ ፈጀ። እሷ ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ኩባያው አፍ ላይ አድርጋ እየለካች ነው፤ እሱ ይህን አይቶ አንገቱን ደፋ።

በስተመጨረሻ የጓደኛዋን መልእክት ከፈተ። እታለም አስቀድማ “ከዛሬ ጀምሮ የማነበው ራሴ ነኝ፤ እንደ ድሮሽ ጻፊልኝ” ብላ በእኔ እጅ አስጽፋ ነበርና መልእክቱ ረጅም ነው። ጓደኛዋ የሠርግ ቀሚሷን የሰፋችላት እታለም ስለሆነች ከዚያ ወዲህ “ሰፊዬ” ነው የምትላት። ስልኩ ጉሮሮውን የጠረገ ያህል ቆይቶ፣

“ውድ ሰፊዬ” አለ። ያን ሁሉ ሲያላላ ኖሮ፣ ይችን ብቻ ጥብቅ አድርጎ!

እታለም ኩባያዋን አስቀመጠች። “ማንን ነው ሰፊ የሚለው? ወገቤን ለክቶኛል?”

ክቡር ዝማኔ ላብ በላብ ሆነ። “እትዬ ይቅርታ፤ በስህተት አጥብቆት ነው፤ እሱ በሚቀጥለው...”

“ተወው! እንዳይነኩት! ድሮስ ቀጭን ነበርኩ እንዴ?” ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ስልኩ ቀጠለ። “ከትናንት ወዲያ ፊቴ ላይ ሽፍታ ወጣብኝ።” “ሽፍታ”ን ደግሞ አላላው።

“ምን? ሽፍታ? በየት በኩል መጣባት!” ዐይኗን እየጠረገች ነው። “በል ወንድሜ፣ ቀጥል” አለችው፤ ስልኩን ነው።

“ይህን የምነግርሽን ደግሞ ለወንድምሽ እንዳትነግሪ...”

እጇ ስልኩ ላይ አረፈ። “በሉ ውጡ።”

“እታለም...”

“ሁለታችሁም! ሻያችሁን ይዛችሁ ውጡ!”

በሩ ከኋላችን ተዘጋ። ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ ያ ማጥበቅና ማላላቱን የማያውቅ ድምፅ ያነበንባል፤ በመሐል የእታለም ሳቅ ይመጣል፤ ደግሞ ዝም፤ ደግሞ “ውይ እሷ!” የሚል። ምን እንደተባለ አላውቅም። እስከ ዛሬም አልነገረችኝም። ከቤት ተባርሬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያኔ ነው የእሱን ስልክ ያየሁት፤ ጉልበቱ ላይ ጭልም ብሎ ተኝቷል፤ እየጋለ።

“ስማ፣ ያንን የሙከራ ቅጂ ይሄን ያህል ጊዜ የተሸከምከው ለዚህ ነው እንዴ?”

“አይ ጋሼ... ስለ ማጥበቅና ማላላቱ ስህተት ባገኘሁ ቁጥር ለሠሪዎቹ እጽፍላቸው ነበር። ‘ሰፊ’ን ግን አላሰብኳትም።” ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ “ደግሞ እኮ ባትሪው ላይ የጨመሩት ነገር አለ...” አለ።

ልሸኘው ተነሣሁ። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ስለ ባትሪ አወራ። ስለ መቆለፊያው ገጽ አወራ። ስለ ማንቂያው ደወል ሲጀምር አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። እሱ አንድ እግሩን አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ።

ክንዱን ያዝኩት።

“ይሂድ” አልኩት። “ሌላ ይመጣል። ማንቂያው ምን ሆነ አልከኝ?”