አጎቴ «አይቆይም»

በየሰፈሩ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር፣ ገና ማሸጊያው ሳይቀደድ ቀብሩን የሚያስብ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ሰፈር ይህን ሹመት ለአጎቴ ሰጥቷል። ሥራቸው የዓሣ መረብ መጠገን ነው። ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ትንሽ ትልቁ «አይቆይም» ነው የሚላቸው።

የሞተር ጀልባ ሲመጣ «አይቆይም» አሉ። ባገቡ ማግስትም ለጓደኛቸው ይህንኑ ብለው ኖሮ፣ አክስቴ ልጆቿን ሁሉ ድራ እንኳ ቂሟን አልተወችም።

ሐይቁ ዳር መብራት የገባ ለታ ግን ክቡርነታቸው ሥራ በዛባቸው። ዓሣው በሚቀመጥበት በበረዶ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሶላር ተዘረጋ። ለደመናው ቀን ንፋስ የሚያዞራት ማራገቢያ በረጅም ምሰሶ ላይ ወጣች። ሁለቱም ለሚሰንፉበት ቀን ደግሞ ጀነሬተር ተቀመጠ። አጎቴ ሦስቱንም ዞረው መረመሩና ፈረዱ። ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ንፋስ ይተኛል፣ ነዳጅ ያልቃል፤ ስለዚህ አይቆይም።

ከዚያ ወዲህ ወንበራቸውን ከማራገቢያዋ ሥር አዛወሩ። ስትሰበር ለማየት ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ እንደ ዘይት ይረጋል፤ ጀልባዎቹ ውሃ ላይ ይሁኑ ሰማይ ላይ አይለይም። የክንፎቿ ጥላ ፊታቸው ላይ ሲመላለስ፣ መረቡን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። ድምጿ ዝም ሲል ይነቃሉ። መዞር ስትጀምር መልሰው ይተኛሉ። እኔ ከምሠራበት በረዶ ቤት ሆኜ በመስኮት ሳያቸው እኔንም ያንቀላፋኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሐይቁ ጠቆረ። ማዕበል ሲመጣ ማራገቢያዋ ከነምሰሶዋ በገመድ ቀስ ተብላ መጋደም አለባት፤ አለዚያ ትገነደሳለች። ጉልበት ያለው ሁሉ ግን ጀልባ ለመጎተት ወርዷል። እየሮጥኩ ስደርስ አጎቴ ገመዱን ወገባቸው ላይ ጠምጥመዋል፤ አክስቴ ከኋላ ይዛቸዋለች። ሦስታችን ሆነን ቀስ በቀስ እንለቀው ጀመር። ንፋሱ በሳበ ቁጥር ገመዱ እሳቸውን ይዞ ይንሸራተታል። መዳፋቸው ተልጦ ገመዱ ቀላ። አክስቴ ዕቃ ነው፣ ይተዉት ብላ ለመነች። እኔም አይቆይም ሲሉ የከረሙት እርስዎ አይደሉም ወይ አልኳቸው።

ዘወር ብለውም አላዩኝ።

«አይቆይም ብያለሁ» አሉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው። «ዛሬ ግን አይሁን።»

ምሰሶው መሬት እስኪነካ ገመዱን አልለቀቁም።

በማግስቱ ጎረምሶቹ መልሰው አቆሟት። ንፋሱ ለስለስ ብሎ ነበር። ሻይ ይዤላቸው ስሄድ አጎቴ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ መረብ መያዝ አልቻለም፤ ዓይናቸውም ከብዷል።

«ትንሽ ላሸልብ» አሉኝ። «አንተ እያት።»

በረዶ ቤት ሥራ ይጠብቀኝ ነበር። ወንበር አምጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

አመሻሹ ላይ ጀልባዎቹ ተመለሱ። ዓሣ አጥማጆቹ ሽማግሌው መተኛታቸውን ሲያዩ፣ ሞተራቸውን ከሩቁ አጥፍተው ቀስ ብለው እየቀዘፉ ገቡ።