ትንሽ ይቀረዋል

በየቤተሰቡ አንድ የማይጫወት ተጫዋች አይጠፋም። የኮምፒውተር ጨዋታ ይገዛል፣ ይጭናል፣ ስለ ጨዋታው ቀኑን ሙሉ ያወራል፤ ሲጫወት ግን ያየው ሰው የለም። ምክንያቱም ጨዋታው ገና አልተስተካከለም። ሣሩ ሣር አይመስልም፣ ጥላው ወደተሳሳተ ጎን ይወድቃል፣ ውሃው አይንቀሳቀስም። እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ደግሞ ክብሩን የሚያውቅ ሰው አይገባም።

ለእኛ ቤተሰብ የደረሰው የእህቴ ባል ነው። ማለቴ፣ ናቸው። ቀን ቀን ማቀዝቀዣ ይጠግናሉ፤ ከሥራ መልስ ግን ክቡር አስተካካይ ናቸው። አንቱ የምላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አይደለም፤ ይህን ያህል ለሣር የሚጨነቅን ሰው አንተ ማለት ስለከበደኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታውን የሠራው ድርጅት ችላ ብሎ የተወውን ነገር፣ ራሳቸው ጨዋታ ወዳዶቹ ያለ ምንም ክፍያ እየሠሩ በኢንተርኔት ይለዋወጣሉ። አንዱ ዛፉን ያሳምራል፣ ሌላው ሰማዩን፣ ሌላው ደግሞ ጨዋታው በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሳይንቀራፈፍ እንዲሄድ ያደርጋል። ይህን ተጨማሪ ሥራ «ሞድ» ይሉታል። ክቡርነታቸው መጀመሪያ ቀን «ሞድ እያስገባሁ ነው» ሲሏት እህቴ ምን አለች?

«ደግሞ በማን ላይ ነው ሞድ የምትይዘው?»

ሞድ መያዝ የእሷ ሥራ ነበር። በሰው ላይ ለመቀለድ ከእሷ ወዲያ ላሳር።

አንድ እሁድ ምሳ ልበላ ብሄድ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ እጄን ይዘው ኮምፒውተሩ ፊት ገተሩኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት የሣር ሥዕሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ልዩነቱ ታየህ?»

«እንዴታ!» አልኩ፤ ርቦኛል።

«የቱ ነው የተስተካከለው?»

በግራ በኩል ያለውን አሳየሁ። ምሳው እስኪያልቅ አላናገሩኝም።

ኮምፒውተሩማ የቤቱ አባወራ ነው። የጎን ክዳኑ ተነቅሎ የሳሎኑ ማራገቢያ ወደ ሆዱ ዞሯል፤ እኛ በላብ ተጠምቀን እሱ ይነፍስበታል። በስክሪኑ ጥግ ላይ ሥዕሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚናገር ቁጥር አለ። የክቡርነታቸው ዓይን ከእሱ አይነቀልም። ከፍ ሲል ፊታቸው ይፈካል፤ ዝቅ ሲል «ማነው ፍሪጁን የከፈተው?» ብለው ይጮሃሉ።

ጭጋጉን ያነሱበት ቀንም አይረሳኝም። ጨዋታው ውስጥ ያለችው በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ትንሽ መንደር ናት፤ ማዶ ያለው ተራራ ሁልጊዜ ጭጋግ ለብሷል። ክቡርነታቸው «ይሄ ጥራት ያበላሻል» ብለው ጭጋጉን የሚያጠፋ ሞድ አስገቡ። ጭጋጉ ጠፋ። ተራራው ለካ ከወገቡ በታች የለም፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«አየህ፣» አለቻቸው እህቴ ሆዷን ይዛ እየሳቀች፣ «ሰዎቹ ወደው አይደለም የሸፈኑት!»

ከሁለቱ የምትጫወተው እሷ ነበረች። ከሥራ ቀደም ብላ ስለምትመለስ፣ እሳቸው እስኪመጡ መንደሯ ውስጥ ቤት ትሠራለች፣ አበባ ትተክላለች። ጨዋታው ሁለት ሰው አብሮ የሚኖርበት ነውና የሁለተኛው ሰው ቦታ ክፍት ነበር።

«መቼ ነው የምትገባው?» ትላቸዋለች።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

ይህች ቃል የክቡርነታቸው ማኅተም ነበረች። ምሳ ቀርቧል ሲባሉ ትንሽ ይቀረዋል፤ ልብስህን ልበስና እንሂድ ሲባሉ ትንሽ ይቀረዋል። እህቴ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ድምፃቸውን አስመስላ ትልላቸው ነበር።

አንቱታውን እዚህ ላይ ላቁመው። ለቀልድ ነበር፤ አብራኝ የምትስቅበት ሰው ስለሌለች ከእንግዲህ አልችልበትም።

እህቴ ታመመች፤ ሆስፒታል ተኛች። እሱ ከአልጋዋ አጠገብ አይጠፋም፤ ልብስ ሊቀይር ቤት በገባ ቁጥር ግን ኮምፒውተሩን ይከፍታል። ያን ሰሞን የሐይቁን ውሃ እንዳለ ለወጠው፤ ጨዋታውንም ራሱን በአዲሱ ቅጂ ተካው። ድና ስትመጣ እንድትደነቅለት ነው።

«ሐይቁ አሁን ያበራል፣» አላት አንድ ከሰዓት በኋላ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። «ስትመጪ ታዪዋለሽ።»

«ቤትህንስ አይተኸዋል?»

«የምን ቤት?»

«ሠርቼልሃለሁ። ስትገባ ታየዋለህ።» አለችና ወደ እኔ ዓይኗን ጠቀሰች።

አልተመለሰችም።

ለቀስተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ጨዋታውን ከፈተ። መግቢያው ላይ ሐይቁ በእርግጥም ያበራ ነበር፤ መንደሯ ግን አልከፈት አለች። እህቴ በአሮጌው ጨዋታ ያስቀመጠችውን መንደር የተስተካከለው ጨዋታ አላውቀውም አለ። ሊያስደስታት የደከመበት ሥራ በሯን ቆልፎበት አረፈው። ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ የእሱ ድምፅ አይመስልም ነበር።

«ሠርቼልሃለሁ ያለችኝን ቤት እኔው ዘጋሁት፣» አለ።

ከዚያ ወዲያ አስተካካያችን ማፍረስ ያዘ። አሮጌውን ቅጂ መለሰ፤ ዓመታት የለፋበትን ሁሉ፣ ሣሩን፣ ጥላውን፣ ሰማዩን፣ አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር። ያወጣል፣ ይሞክራል፣ አይከፈትም። የቱን ከየቱ በፊት እንዳስገባ አያስታውስም። በመጨረሻ በኢንተርኔት ሞድ የሚለዋወጡትን፣ በአካል የማያውቃቸውን ሰዎች ለመናቸው፤ ሚስቴ ናት፣ ሞታብኛለች፣ መንደሯን ማየት እፈልጋለሁ ብሎ ጻፈ። በሣር ቀለም ሲሰዳደቡ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ ያን ቀን የተሳደበ አልነበረም። አንዲት ሴት፣ ከየት አገር እንደሆነች እንኳ አናውቅም፣ አንድ መንደር በየትኞቹ ሞዶች እንደተሠራ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ሠርታ ላከችለት፤ በእሱ እየተመራ መንደሯ የማትፈልገውን ሁሉ አወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠራኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማራገቢያው ወደ ግድግዳ ዞሯል፤ ጥግ ላይ ያ ቁጥር የለም። ማውሱን አንዴ ተጫነ፤ መንደሯ ተከፈተች።

አስቀያሚ ነበር። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተለጥፏል፣ ሐይቁ እንደ ሰማያዊ ላስቲክ ተዘርግቷል፣ ሁሉም ነገር እየተንገጫገጨ ይሄዳል። በአበቦቿ መሃል የእሷ ቤት አለ። ከጎኑ ሌላ ቤት ቆሟል፤ በር አለው፣ መስኮት አለው፣ ጣሪያ የለውም። በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳው ላይ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል።

«ምንድን ነው ይሄ? ተበላሽቶ ነው?» አልኩት።

«አልተበላሸም። ፊደል ነው።»

ጨዋታው የእኛን ፊደል አያውቅም ነበር። እህቴ የአበቦቿን ስም በፊደሏ እንድትጽፍ ብሎ፣ ገና ከመጀመሪያው የፊደል ሞድ ራሱ ሠርቶላታል። በሕይወቱ ጨርሶ ያስረከባት ሥራ ቢኖር ያ ብቻ ነው። አሁን ፕሮግራሙ ስላላወቀው ፈርቶ ከሌሎቹ ጋር እሱንም አውጥቶታል። መልሶ አስገባው፤ ተመልሳ ብትዘጋስ ብዬ ፈራሁ። መንደሯ እንደገና ተከፈተች። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ።

«ትንሽ ይቀረዋል» ይላል ሰሌዳው።

ሳቀ። ከቀብሯ ወዲህ ሲስቅ ያኔ ነው የሰማሁት። «ሞድ ያዘችብኝ፣» አለ፣ «ሄዳም ሞድ ያዘችብኝ።» ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ እኔም አላስቻለኝም።

አሁን ይጫወታል። አንዲት ሣር ካላማረች አልገባም ይል የነበረው ሰው፣ ያን ሁሉ አስቀያሚ ነገር ምንም ሳይነካ፣ ከሥራ መልስ መንደሯ ውስጥ ገብቶ አበቦቿን ያጠጣል። እኔም እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ድሮ የምሸሸውን ያንን «ልዩነቱ ታየህ?» የሚል ጥያቄ አሁን ብጠየቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ የግራውን አሳይቼ ቢያኮርፈኝ። ይህን ሰው ለካ በጣም እወደዋለሁ።

ባለፈው ስሄድ መንደሯ ውስጥ ይዘንብ ነበር፤ ክር የመሰለ፣ ያልተስተካከለ ዝናብ። እሱ ጣሪያ በሌለው ቤቱ መሃል ቆሞ ይደበደባል።

«ስማ፣ ጣሪያውን አትሠራውም እንዴ? እንጨት እኮ ሞልቶልሃል፣» አልኩት።

ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም።

«ተወው፣» አለኝ። «ትንሽ ይቅረው።»