መልክ አከፋፋይዋ አክስቴ

ማንም ሳይሾማት፣ ሕፃን በተወለደ ቁጥር መልክ የምታከፋፍል ሴት የሌለችበት ቤተሰብ ካለ፣ እሱ ቤተሰብ ሳይሆን የአውቶቡስ ወረፋ ነው። የእኛዋ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች፤ ክብርት አክስቴ፣ የአፍንጫና የቅንድብ ጠቅላይ ዳኛ።

አራስ ልትጠይቅ ስትገባ እናቲቱን ሰላም ከማለቷ በፊት ወደ ሕፃኑ ታቀናለች። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ፣ ዕቃ እንደሚረከብ የመጋዘን ኃላፊ ከላይ እስከ ታች ትመረምረዋለች። "ግንባሩ የኛ ነው። ጣቱም የኛ። ይሄ ጆሮ ግን..." ፊቷ ይቋጠራል። "ይሄ ከኛ አይደለም!" ይግባኝ የለም። ጎበዝ ተማሪ ከኛ፣ ሒሳብ የወደቀ ከነሱ። እኔ ራሴ ማንኮራፋትን ከእናቴ ወገን እንደወረስኩ የተፈረደብኝ ገና መዳህ ሳልጀምር ነው።

የወንድሜ ልጅ ጥርስ ስታበቅል ግን ነገሩ ከረረ። ጥርሶቿ ሻይ ውስጥ ተነክረው የከረሙ ይመስል ቡናማ ሆነው ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ይሸረፉ ጀመር።

"ይሄ ከኛ አይደለም! አርግዘሽ ምን ስትበዪ ነበር አንቺ?"

"እትዬ፣ እኔ ምን አደረግሁ?" አለች የወንድሜ ሚስት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ሰው ፊት አታስቅም፤ ቤተሰብ ሲሰበሰብም "አሞናል" እያለች ትቀራለች። ወንድሜ በሚስቱና ባሳደገችው አክስቱ መሃል ተወጥሮ ከሳ።

በመጨረሻ ሁላችንም ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። አክስቴ የመጣችው ፍርዷን በባለሙያ ልታስጸድቅ ነው። ሐኪሟ የልጅቷን አፍ አየችና፣ "በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ጥርስ የነበረው ማነው?" አለች።

"ማንም!" አለች አክስቴ።

"አባቷስ?"

"የሱ ሰው ሠራሽ ነው። ልጅ ሆኖ ከብስክሌት ወድቆ ረገፈ።"

"የሱ አባትስ?"

"ወንድሜን በር ነው የመታው።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ዳቦ ውስጥ ጠጠር ነክሼ።"

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። "በእናንተ ቤት ብስክሌት በዘር ይተላለፋል እንዴ?"

ከዚያ አስረዳችን። የላዩ ነጭ ሽፋን ደህና ነው፤ ከሥሩ ያለው ዴንቲን የሚባለው ግን ዘረመሉ ላይ ባለ ስህተት ደካማ ሆኖ ይሠራል፤ ስለዚህ ላዩን መያዝ ያቅተዋል። ለመውረስ አንድ ወላጅ ይበቃል። እናት የበላችው ነገር የለበትም። በጊዜ ከተሸፈነ ደግሞ ጥርሱ ይተርፋል።

አክስቴ ነጠላዋ ሳይሆን የዳኝነት ካባዋ ከትከሻዋ የወረደ ይመስል አነሰች። ወደ ወንድሜ ሚስት ዞረች።

"ጥርሱ የኛ ነው፣ ልጄ። የአባቴም እንዲሁ ነበር። አፍረን ነው ብስክሌት ስንጋልብ የኖርነው።"

የወንድሜ ሚስት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"በይ ተይ እንግዲህ!" አለች አክስቴ የራሷን እንባ እየጠረገች። "እንባ እንኳ ከናንተ ወገን ነው።"

እሷ ካረፈች ወዲህ በቤታችን የሚወለዱ ሕፃናት ባለቤቱ እንደጠፋ ሻንጣ ተጋድመው ይታያሉ። ሁሉም "ሲያምር!" ብሎ ያልፋቸዋል። በቀደም አንዱ አልጋ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ "ይሄ አገጭ እንኳ..." ብዬ ጀመርኩ። እናቲቱ ቀና ብላ ስታየኝ ቀሪውን ዋጥኩት። ያ ድፍረት ለማናችንም አልደረሰንም።