ሊቀ ሽቦ ፔቴሎ እና ቀዳዳ የሌለው ካሜራ

ወሬኛ የሌለበት መንደር የለም ይላሉ። እኔ ደግሞ ከፋች የሌለበት መንደር የለም ባይ ነኝ። ከፋች ማለት የተዘጋ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው ነው። ሰዓት ካየ ይከፍታል፤ ራዲዮ ካየ ይከፍታል፤ የተቆለፈ ሻንጣ ካየ ባለቤቱ ቁልፉን እስኪያመጣ አይታገሥም። ዕቃው ተበላሽቶ እንደሆነ አስቀድሞ አይጠይቅም፤ የሚበላሸው ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ ጥያቄው ለእሱ ትርጉም የለውም። እናንተም ሰፈር አለ። ምናልባት ይህን ስታነቡ ቤታችሁ ተቀምጦ የግድግዳ ሰዓታችሁን እያየ ይሆናል።

የእኛው ፔቴሎ ይባላል። እዚህ ሳሞአ፣ ሳቫዪ ደሴት ላይ፣ ቤቶቻችን ምሰሶና ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የላቸውም። ጎረቤቴ እራት ላይ ስንተኛውን ዓሣ እንዳነሣ ከምንጣፌ ሳልነሣ አያለሁ። ሁሉም ነገር ወለል ብሎ በተከፈተበት አገር የተዘጋ ነገር ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል ትጋት እንደሚጠይቅ አስቡት። የመንደራችን አለቆች እያንዳንዳቸው ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ማዕረግ አላቸው። ለፔቴሎ ግን ማንም ምንም ስላልሰጠው እኔው ሾምኩት፦ ሊቀ ሽቦ፣ መጋቤ ካቻቢቴ፣ የብሎን ሁሉ አባት። ሹመቱን ስነግረው አልተቆጣም።

"በትር አለው?" አለ ብቻ። አፈ ጉባኤዎቻችን ሲናገሩ በትር ይይዛሉና።

"ካቻቢቴህ ይበቃሃል" አልኩት።

ሊቀ ሽቦ ለችግር ሁሉ አንድ መልስ አላቸው። "ቀላል ነው፤ ሁለት ሽቦ ነው።" የፓስተሩን ድምፅ ማጉያ ሲጠግኑ እንዲህ አሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ ስብከቱ መሐል ላይ የዓሣ አጥማጆች ስድብ በማጉያው ገባ። የሚስታቸውን የፔኒናን ካውያ ሲጠግኑም እንዲህ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ፔኒና ልብስ ስትተኩስ የእኔ ቤት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የስፌት መኪናዬን የወሰድኩላቸው ቀን ደግሞ ገልብጠው፣ አገላብጠው፣ "ሁለት ሽቦ ነው" አሉኝ። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚሠራ ነው፤ አንድም ሽቦ የለውም። ሥራው ሲያልቅ ሁልጊዜ ከመዳፋቸው ላይ ብሎን ይተርፋል። "ይሄስ?" ስትሏቸው፣ "ፋብሪካው አብዝቶት ነው" ብለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጥሉታል። ፔኒና "በዚህ ቤት ብሎን ያልወጣልኝ እኔ ብቻ ነኝ" ትላለች።

አሁን ወደ ካሜራው ልምጣ።

ወንድሜ ያኮፖ ኦክላንድ ይኖራል። እናቷ የሞተችባትን አንድ ልጁን ላንጊን እኔ አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አደረስኳት። ልትዳር ስትል ያኮፖ መምጣት አልቻለም፤ የመኖሪያ ወረቀቱ አላለቀም፣ ከወጣ መመለስ የለም። ስለዚህ ከገበያው ርካሹን ቪዲዮ ካሜራ ገዝቶ በሰው ላከና ስልክ ደወለ።

"ሎሳ፣ ሌላ ምንም አልልሽም" አለኝ። "ድግሱም ይቅር፣ ጭፈራውም ይቅር። ልጄ 'አዎ' ስትል ልስማት።"

ላንጊን ለማታውቁ ይህ ቀላል ይመስላል። ልጅቷ ድምፅዋ ከከንፈሯ አይወርድም። ስታወራ አፏን ማየት አለባችሁ። አባቷ በስልክ ያሳደጋት "ምን አልሽ ልጄ?" እያለ ነው፤ እሷም ደግማ ትናገራለች፣ እሱም ደግሞ ይጠይቃል፣ ከዚያ ስልኩ ይቋረጣል።

ለመለማመጃ ያህል የሙሽራው ቤተሰብ ላንጊን ሊጠይቁ የመጡ ቀን ፔቴሎ ካሜራውን ያዘ። እዚህ ላይ የእኛ ወግ ገባ። አለቆች ተቀምጠው ሰው በፊታቸው አይቆምም። ማለፍ ግድ ከሆነ ወገብህን ጎንበስ አድርገህ "ቱሎ"፣ ይቅርታ እንደማለት ነው፣ እያልክ ታልፋለህ፤ የተቀመጠውም እግሩን ይሰበስብልሃል። ካሜራ ይዞ አፈ ጉባኤው አፍንጫ ሥር መገተር የማይታሰብ ነው። እናም ፔቴሎ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ጋር፣ ከፉዓቲኖ አጠገብ ተቀመጠ። ፉዓቲኖ አክስታችን ናት፤ አፏ ካልበላ ያማል፣ ካላማ ይበላል።

ካሴቱ ኦክላንድ ደረሰ። ያኮፖ ደወለ።

"ሎሳ፣ አፈ ጉባኤያችን በእኔ ስም ያን ሁሉ ሰዓት ሲናገር አየሁት።"

"ጥሩ አልተናገረም?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? አፉ ሲንቀሳቀስ ነው ያየሁት። የሰማሁት አሳማው በደንብ እንዳልበሰለና የልጄ እጮኛ ጆሮ እንደ ታሮ ቅጠል ሰፊ መሆኑን ነው። ደግሞ ማነች እንደዚያ የምታላምጠው?"

ስቄ ላልፈው ነበር፤ ግን ድምፁ የቀልድ አልነበረም። "ልጄንም እንደዚህ ከሆነ የምሰማት አትላኩልኝ" ብሎ ዘጋው።

ካሜራውን ይዤ ወደ ፔቴሎ ሄድኩ። ከዳቦ ፍሬ ዛፉ ሥር ተቀምጦ እያገላበጠ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው፣ ልክ ሐኪም የሕፃን ሆድ እንደሚዳስስ።

"ቀዳዳ የለውም" አለ በመጨረሻ። "ማይክ ከውጭ የሚሰካበት ቀዳዳ። ርካሽ ስለሆነ ነፍገውታል። ይሄ የሚሰማው አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው።"

"እና ምን ይሻላል?"

"ቀላል ነው፤ ሁለት ሽቦ ነው።"

"ፔቴሎ፣ ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ። ይሄን ብታበላሽ ወንድሜ ውቅያኖሱን በዋና ነው የሚመጣልህ።"

"ከመጣማ ሠርጉን በዓይኑ አየ። ካሜራ ምን ያደርግለታል?"

አጠገቡ ተቀምጬ እንደ ዘበኛ ስጠብቀው ዋልኩ። ብሎኖቹን ፈታ፤ ቅርፊቱን ከፈተ። ከፊት በኩል የፓፓያ ዘር የምታክል ጥቁር ነገር ከሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ጋር ተቀምጣለች። "ጆሮው ይቺ ናት" አለኝ በሹክሹክታ፣ የምትሰማው ይመስል። እውነትም ሁለት ሽቦ ነበረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ መሆኑን ሲያይ እሱም ትንሽ ደነገጠ።

ከሞተ ቴፕ ላይ የማዳመጫውን መሰኪያ ነቀለ። ምስማር እሳት ላይ አግሎ የካሜራውን ጎን በሳው፤ ጭሱ ሲወጣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽቦዎቹን ቆርጦ ከመሰኪያው ጋር በየዳቸው። ማይክ ካልተሰካ የካሜራው የራሱ ጆሮ እንዲሰማ፣ ከተሰካ ደግሞ እሱ ዝም እንዲል አድርጎ አገናኘው። ለማይክነት ከድሮ ስልክ እጀታ ላይ አውጥቶ ሌላ ትንሽ ጆሮ ሠራ፤ ነፋስ እንዳያስቸግረው የፉዓቲኖን ቀሚስ የትከሻ ስፖንጅ አለበሰው። የትከሻው ስፖንጅ እንዴት እጁ እንደገባ አላየሁም። ፉዓቲኖ ግን በዚያ ሳምንት አንድ ትከሻዋ ወርዶ ነበር።

ለሙከራ ማይኩን ፉዓቲኖ ከምትልጠው ታሮ አጠገብ ደብቆ ተመለሰና ከካሜራው ጋር የመጣውን ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረገ። ፊቱ በራ። ለእኔም አቀበለኝ። "ይሄ ጅል ደሞ የሰው ካሜራ ሊገድል ነው" ትላለች ፉዓቲኖ፣ ጥርት ብሎ።

"ሰማሻት?" አለኝ በደስታ። "ጅል ስትለኝ ጥርት ብላ ተሰማች!"

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሽቦው አጠረ። ከስልክ ሽቦ ቆርጦ ቀጠለበት፤ መጋጠሚያውን ግን በጣቱ ጠመዘዘው እንጂ አልበየደውም። "ነገ እበይደዋለሁ" አለ። ነገ የሚባለው ቀን እኛ መንደር መጥቶ አያውቅም።

ሠርጉ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያናችን ገና ጣሪያ ስላልወጣለት ቃል ኪዳኑ በትልቁ የእንግዳ ቤት ሆነ። አለቆቹ ምሰሷቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። ማይኩ ላንጊ አንገት ላይ ካለው የአበባ ጉንጉን ውስጥ ገባ፤ ሽቦው በምንጣፉ ሥር በአለቆቹ ፊት አልፎ ከኋላ ሣጥን ላይ ወደተቀመጠው ካሜራ ደረሰ። ፔቴሎ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው፤ በማዕረግ የሚበልጠው ሰው ያለ አይመስልም።

ፓስተሩ ጸለየ፣ ሙሽራውን ጠየቀ፣ ባለ ሰፊ ጆሮውም መለሰ። ከዚያ ወደ ላንጊ ዞረ። ይኼኔ ነው አንጋፋው አለቃችን እግራቸው ደንዝዞ ትንሽ ዘወር ያሉት። ፔቴሎን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ማዳመጫውን ጫን አደረገ፣ ካሜራውን መታ መታ አደረገ። ጠምዝዞ የተወው መጋጠሚያ ምንጣፉ ሥር ተላቅቋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። ፔቴሎ ግን ወገቡን አጥፎ፣ ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ በአለቆቹ ፊት በእንብርክክ ጉዞ ጀመረ። "ቱሎ… ቱሎ… ቱሎ…" አለቆቹ እግራቸውን አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ላንጊ እግር ሥር ሲደርስ እጁን ምንጣፉ ሥር ሰደደና ሁለቱን ሽቦ በጣቶቹ ገጠማቸው። ፓስተሩ ጥያቄውን ጨርሷል። የላንጊ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። በዚያችው ቅጽበት ፔቴሎ፣ የጨዋ ልጅ ነውና፣ አንገቱን ወደ ሙሽራዋ ቀና አድርጎ "ቱሎ" አለ።

ፓስተሩ መነጽሩን አወለቀ።

"ልጄ፣ ይቅርታ" አለ። "'አዎ' ያልሽው አንቺ ነሽ ወይስ የሚያገባው ፔቴሎ ነው?"

ከኋላ ፉዓቲኖ "እሱማ ፔኒና አለችው!" አለችና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለቆቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ላንጊ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰች ብዬ ልነሣ ስል ሳቋ አመለጣት። ያን ሳቅ እኔ ያሳደግኳት ሰምቼው አላውቅም፤ ከሆዷ የመጣ፣ ጮክ ያለ፣ የአባቷ ሳቅ ነበረ። ሳቋ ሳያልቅም ከሳቁ ጋር፣ "አዎ! አዎ አልኩ እኮ!" አለች፤ ባሕሩ ዳር ያሉ ልጆች ሁሉ ዞረው አዩን።

"አሁን ወደ ቦታህ ተመለስ" አለው ፓስተሩ።

"አልችልም ጌታዬ" አለ ፔቴሎ አቀርቅሮ። "ሽቦውን ከለቀቅኩት አባቷ አይሰማም።"

እናም ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ሁለት ሽቦ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ እዚያው ተንበረከከ። ማንም አለቃ አልገሠጸውም።

ካሴቱን ሳየው ራሴን ያዝኩ። በመጀመሪያው ካሴት ምስል እንጂ የሚፈለገው ድምፅ አልነበረም፤ በዚህኛው ድምፅ እንጂ ምስል የለም። ቃል ኪዳኑ ላይ ሙሽሪትም ሙሽራውም አይታዩም። ከዳር እስከ ዳር የሚታየው የሊቀ ሽቦ ፔቴሎ ክቡር መቀመጫ ነው። ሌላ ምን አለንና እንዳለ ላክነው። እስኪደውል ድረስ እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ያኮፖ ደወለ።

"ልጁን አላየኸውም አይደል?" አልኩት። "ያ ፔቴሎ…"

"ሰማኋት" አለኝ። "ሎሳ፣ ስትስቅ ሰማኋት። ስንቴ ወደ ኋላ እንደመለስኩት አልነግርሽም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ነገር ልንገርሽና ለማንም አታውሪ። ያ ሰውዬ 'ቱሎ' ሲል ልክ አጠገቤ የደረሰ መሰለኝ። ሶፋዬ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ እግሬን ሰበሰብኩለት።"

ለማንም አታውሪ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ፣ ራዲዮዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ ቀጥ ብዬ ፔቴሎ ዘንድ ሄድኩ። ነገርኩት። "ቀላል ነው" እንኳ አላለም። ቆርቆሮውን አንሥቶ ብሎኖቹን ሲያንኳኳ፣ ሲያንኳኳ ቆየ። ከዚያ ብብቴ ሥር ያለውን ራዲዮዬን አየ።

"ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። ደህና ይሠራል።"

ራዲዮውን እያየ ምራቁን ዋጠ።

"ልክፈተው?"

"ክፈተው" አልኩት።