ከዝናቡ ጀምር

[ሎጊያ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ በሰሌን የተከለለች ሻይ ቤት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ አየሩ ከሻዩ ይልቅ ይፋጃል። ወግሪስ ስልኩን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ፣ አንገቱን አስግጎ ኔትወርክ ያድናል። ጓደኛው ያዮ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ከፊቱ ቆሟል። ሀስናን ለወግሪስ ሊጠይቅለት አባቷ ወደሚኖሩበት የግጦሽ አገር ሄዶ፣ ስንት ቀን ተጉዞ አሁን መመለሱ ነው። አብረውት አንድ ሽማግሌ ገብተው ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። ወግሪስ ያዮን በድምፁ አወቀው እንጂ ቀና ብሎ አላየውም፤ ሽማግሌውንማ ጨርሶ ልብ አላላቸውም። ቀና ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። የያዮ ግመል ደጅ ካለው ግንድ ታስራለች።]

ያዮ፦ ቁጭ በል እልሃለሁ!

ወግሪስ፦ ቆሜ እሰማለሁ እልሃለሁ! ጆሮዬ ያለው ራሴ ላይ ነው፣ መቀመጫዬ ላይ አይደለም።

ያዮ፦ ዳጉ በቁም አይሰጥም፤ የመንገድ ወሬ ቁጭ ብሎ ተጠያይቆ ነው። አባትህ ቆሞ ዳጉ ሲቀበል አይተህ ታውቃለህ? አያትህስ?

ወግሪስ፦ አያቴ ስልክ አልነበረውም።

ያዮ፦ ለዚህ ነዋ መቀመጫ ጊዜ የነበረው።

ወግሪስ፦ እሺ ባጭሩ ንገረኝ። የሀስና አባት እሺ አሉ ወይስ እምቢ? አንዲት ቃል ናት የምጠይቅህ።

ያዮ፦ ከዝናቡ ነው የምጀምረው።

ወግሪስ፦ የምን ዝናብ! ልቤ እኮ ተንጠልጥላለች! ሀስናን ካጣሁ አብዳለሁ፣ ታውቃለህ?

ያዮ፦ አውቃለሁ። ቢሆንም ዳጉ መጀመሪያ ዝናብ ነው። ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ከብት፣ ከዚያ ሰላም። የሚስት ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል። ግመል በጅራቷ አትጎተትም።

ወግሪስ፦ አንተ ድንጋይ ራስ! ዘመኑ እኮ ጥሎህ ሄዷል። ዝናቡን እዚሁ ስልኬ ላይ አየዋለሁ። ይኸውልህ… «ነገ በሎጊያ፣ ሙቀት።»

ያዮ፦ ይህንን ለማወቅ ነው ስልክ የገዛኸው?

ወግሪስ፦ ሌላም ስንት ነገር አለ! አምስት ሺህ ጓደኛ አለኝ፤ የዓለምን ወሬ ሁሉ እነሱ ያመጡልኛል።

ያዮ፦ (ደንግጦ) አምስት ሺህ? ለሠርግህ ሁሉም ሊመጡ ነው? ማን ያርድላቸዋል?

ወግሪስ፦ አይመጡም። ባሉበት ሆነው ይወዱልኛል።

ያዮ፦ ሳይበሉ?

ወግሪስ፦ ሳይበሉ።

ያዮ፦ እንዲህ ያለ ዘመድ ለእኔም በሰጠኝ!

ወግሪስ፦ ኧረ ጠፋ! ሄደ! ኔትወርኩ ሄደ!

ያዮ፦ ወዴት? በሚሌ በኩል ስንመጣ ማንም አላለፈንም።

ወግሪስ፦ አላህ ትዕግሥቱን ይስጠኝ።

ያዮ፦ «ስንመጣ» ያልኩህ ብቻዬን ስላልሆንኩ ነው። እኚህ አባት…

ወግሪስ፦ አንድ ደቂቃ! አንድ ደቂቃ ብቻ፤ ቁም!

[ያዮ ቆመ። ቀድሞም ቆሞ ነበር። ወደ ደጅ ወጥቶ የግመሏን ገመድ ጠበቅ አድርጎ ተመለሰ። በዚች ምድር ላይ ሌላ ሀብት ስለሌለው በየመሀሉ ሳያያት አይቆይም።]

ወግሪስ፦ መጣ! እሺ ያዮ፣ ይኸው ተቀመጥኩልህ። (ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል) ምን አየህ? ምን ሰማህ? ተናገር።

ያዮ፦ (ደስ ብሎት እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል) ሰላም አየሁ። ዝናቡ ከተራራው ማዶ ዘንቧል።

ወግሪስ፦ እህ።

ያዮ፦ ሣሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው።

ወግሪስ፦ እህ።

ያዮ፦ እናትህን ወገቧን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

ወግሪስ፦ እህ።

ያዮ፦ አንድ ቀንዷን ፍየልህን ጅብ በላት።

ወግሪስ፦ አልሐምዱሊላህ!

ያዮ፦ ምን?

ወግሪስ፦ ወደዱልኝ! የትናንቱን ፎቶዬን ስንት ሰው ወዶልኛል መሰለህ!

ያዮ፦ ፍየልህን ጅብ በላት እያልኩህ!

ወግሪስ፦ እህ፣ ማሻአላህ፣ ቀጥል።

ያዮ፦ (ለራሱ) ምናልባት ፍየሏን ይጠላት ነበር። (ጮክ ብሎ) እንግዲህ ወደ ሰላሙ ስመጣ፣ ከእኔ ጋር የመጡት እኚህ…

ወግሪስ፦ ወላሂ አንተ እስክትጨርስ ሀስና የልጅ ልጅ ታያለች። ራሳቸው ጋ እደውላለሁ!

ያዮ፦ ማን ጋ?

ወግሪስ፦ አባቷ ጋ ነዋ! ኡትባን ጋ! በዓይኔ አይቻቸው ባላውቅም ቁጥራቸውን ሀስና ሰጥታኛለች። ይኸው ፎቷቸው።

ያዮ፦ ይሄ እኮ ግመል ነው።

ወግሪስ፦ ግመላቸውን ነው የለጠፉት። እየው ቁመናውን! ሰውየው የተከበሩ መሆናቸው ከግመሉ ያስታውቃል።

[ከምሰሶው ሥር ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንግዳ ሳይጠየቅ አፉን እንደማይከፍት የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የሚጠይቃቸው እስኪገኝ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጠብቃሉ።]

ወግሪስ፦ ጥሪው አልገባም። በድምፅ ልላክላቸው። ዝም በል አሁን፤ ከአማቼ ጋር ልነጋገር ነው።

ያዮ፦ ወግሪስ፣ ወንድሜ፣ ስማኝማ…

ወግሪስ፦ እሽሽ! (ድምፁን ማር አድርጎ፣ ወደ ስልኩ) «የተከበሩ አባቴ ኡትባን፣ አሰላሙ አለይኩም። ልጅዎ ወግሪስ ነኝ። ወላሂ እኔ ሽማግሌ ሳይ ከመቀመጫዬ ብድግ የምል… (ስልኩን እያየ ወደ ምሰሶው ዞሮ) አባቴ! ይነሱ ከዚያ! ኔትወርኩ ያለው እዚያ እርስዎ የተቀመጡበት ላይ ነው! (እንደገና ማር) …ታላቅን የማከብር፣ እንግዳ ሲመጣ ወተት ይዤ የምቀድም…»

ያዮ፦ እኚህ ሰው እኮ ውኃ እንኳ አልቀመሱም።

ወግሪስ፦ «…(ለያዮ) ዝም በል አንተ ደደብ! (ማር) …ሰው ሲናገር የማላቋርጥ ልጅ ነኝ። መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።»

[ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሥተዋል። ወግሪስ የሞቀ ቦታቸውን ወርሶ ተቀመጠ።]

ወግሪስ፦ አልሄደም! ይሽከረከራል! በናታችሁ፣ በዚህ በወሳኙ ሰዓት!

ያዮ፦ መልሱን እኮ ይዤልህ…

ወግሪስ፦ አንተ ዝናብህን ያዝ። (ስልኩን እያየ) አባቴ፣ ያ ዱላዎ ረጅም ነው አይደል? እስቲ ያቅርቡት። ስልኬን ጫፉ ላይ ልሰርልዎትና ወደ ላይ ይያዙልኝ። ወደ ውጭ ወጣ ይበሉ። ፀሐዩ ላይ፣ አዎ። ትንሽ ወደ ግራ። ኧረ ወደ ግራ አልኩ! እንዲያ! አሁን አይተንፍሱ።

[ሽማግሌው በጠራራው ፀሐይ ስልክ የተሰቀለበትን ዱላ እንደ ባንዲራ ይዘው ቆሙ። ጎማ የሚቀይር የከባድ መኪና ሾፌር ሥራውን ትቶ ያያል። ያዮ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ በጣቶቹ መሀል ግን ያያል።]

ወግሪስ፦ ሄደ! ሄደ! ደረሳቸው!

[በዚያች ቅጽበት የሽማግሌው የደረት ኪስ እንደ ጫጩት ጮኸ።]

ወግሪስ፦ ምንድነው እሱ? አባቴ፣ ያንን ስልክዎን ይዝጉልኝ! ትልቅ ሰው መልስ ሊሰጠኝ ነው!

[ሽማግሌው ዱላውን ቀስ አድርገው አወረዱ፤ የታሰረውን ስልክ ፈትተው ለወግሪስ መለሱ። ከኪሳቸው ስልክ አወጡ፤ ሀስና እንዳስተማረቻቸው በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። የወግሪስ ማር ከሽማግሌው እጅ ላይ ፈሰሰ።]

ስልኩ፦ «…ሽማግሌ ሳይ ከመቀመጫዬ ብድግ የምል… አባቴ! ይነሱ ከዚያ!… ታላቅን የማከብር… ዝም በል አንተ ደደብ!… ሰው ሲናገር የማላቋርጥ ልጅ ነኝ…»

[ወግሪስ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። የሽማግሌውን ፊት አየ።]

ወግሪስ፦ (በሹክሹክታ) ያዮ… እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው?

ያዮ፦ ጠየቅኸኝ?

ወግሪስ፦ ጠየቅሁህ! ጠየቅሁህ!

ያዮ፦ እሺ። እንግዲህ ዝናቡ ከተራራው ማዶ…

ሽማግሌው፦ ዝናቡን ተወው ያዮ፤ ዝናቡን ሰምቷል። ኡትባን ነኝ። በፎቶው ላይ ከምታየው ከግመሉ ኋላ የምሄደው እኔ ነኝ።

ወግሪስ፦ አባቴ! ወላሂ… ይቀመጡ! ሻይ! ወተት! ማነህ ባለ ሻይ፣ ወተት አምጣ!

ኡትባን፦ የተቀመጥኩበትን አንተ ወስደኸው የለ። ያዮ፣ ና እዚህ። ቁጭ በል። ምን አየህ? ምን ሰማህ?

ያዮ፦ (ወግሪስን በሐዘን እያየ) ወንድሜ ይቅር በለኝ። ዳጉ ላይ አይዋሽም።

ወግሪስ፦ ያዮ፣ ባክህ! ትንሽ ነገር እንኳ ዝለል!

ያዮ፦ መዝለልማ ከመዋሸት ይቆጠራል። (ወደ ኡትባን) ሰላም አየሁ። አንድ ሎጋ ወጣት አየሁ። የሚያገባትን ልጅ አባት ካረፉበት አስነሥቶ ፀሐይ ላይ አቆማቸው። አይተንፍሱ አላቸው። ፍየሉን ጅብ መብላቱን ሲሰማ አላህን አመሰገነ።

ወግሪስ፦ ፍየሌን ምን?

ኡትባን፦ እህ።

ያዮ፦ ግን ልቡ ክፉ አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ወንዝ ሲወስደኝ ዘሎ ገብቶ ያወጣኝ እሱ ነው። ያኔ እጁ ባዶ ነበር።

[ወግሪስ አቀረቀረ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ መሬቱ ነው። ዕንባው መጥቶበታል፣ ምን ይደረግ። የሚወዳትን ልጅ በገዛ አፉ፣ ያውም ቀርጾ አጥቷታል።]

ኡትባን፦ ይዤልህ የመጣሁት እሺታ ነበር። ልጅ የሚሰጥ ሰው ቃሉን በአየር አይልክም ብዬ፣ ይህንን ጉልበቴን እየጎተትኩ አመጣሁልህ። አሁን ይዤው እመለሳለሁ።

ወግሪስ፦ አባቴ…

ኡትባን፦ እኔ የምሄደው ቀስ ብዬ ነው። እሺታዬን የፈለገ መንገድ ላይ ይደርስብኛል። መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ ግን ቁጭ ብሎ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ሳይል እንዳያልፍ። ስደርስ እጠይቀዋለሁ። ሰላም ዋሉ።

[ወጡ። ወግሪስ ስልኩን አየ፤ መንገዱን አየ። ከዚያ ስልኩን ያዮ እጅ ላይ ጣለው።]

ወግሪስ፦ ያዝልኝ! ከእኔ አርቀው!

ያዮ፦ ይናከሳል እንዴ?

[ወግሪስ የለም። ያዮ ስልኩን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። አገላበጠው። በጣቱ ነካ አደረገው። በራ።]

ያዮ፦ ቢስሚላህ!

[ፀሐይ አዘቀዘቀች። ሾፌሩ ጎማውን ቀይሮ ሄዷል። ሻዩ ስንት ጊዜ ቀርቦ ስንት ጊዜ ቀዝቅዟል። ወግሪስ ከናፍሩ በጥማት ተሰነጣጥቆ፣ እግሩን እያነከሰ፣ ፊቱ ግን እየበራ ይገባል። ያዮ ተቀምጦ በነበረበት ተቀምጧል፤ አገጩ ከደረቱ ተጣብቋል።]

ወግሪስ፦ ያዮ! ያዮ ወንድሜ! ደረስኩባቸው! ከጨው ጫኙ ጋር ተቀመጥኩ፣ ከእንጨት ሻጯ ጋር ተቀመጥኩ፣ ከመንታ እናት ጋር ተቀመጥኩ! ስንት ነገር ሰማሁ! ተነሥና እቀፈኝ!

ያዮ፦ እህ።

ወግሪስ፦ ሰውየውም ገና ሲያዩኝ ቁጭ አሉ! ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው! ከዚያ ምን ያሉኝ ይመስልሃል?

ያዮ፦ ማሻአላህ።

ወግሪስ፦ ገና አልነገርኩህም እኮ! ያዮ፣ ደስታው ደረቴን ሊቀድደው ነው፤ ለአንተ ልነግር ነው እየሮጥኩ የመጣሁት! ቀና በል!

ያዮ፦ አንድ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ብቻ፤ ቁም።

[ወግሪስ አፉን ከፍቶ ቆመ። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞት የመጣውን ደስታ የሚያወርድበት አጣ። ያዮ ቅድም ምን ያህል እንደቆመ አሁን ገና ገባው።]

ያዮ፦ ወግሪስ፣ እዚህ ውስጥ አንዲት ግመል አለች! ብታያት! እንዴት ትሮጣለች መሰለህ! እንዲህ ያለች ግመል አይቼ አላውቅም!

[ወግሪስ ወደ ደጅ ተመለከተ። በግንዱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ይወዛወዛል። ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ እግሩን አጣጠፈ።]

ወግሪስ፦ እኔ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያየኋት ግን ትበልጣታለች። ብቻዋን ነበረች። አንገቷ ላይ ግማሽ ገመድ አለ።

ያዮ፦ (ዓይኑን ሳይነቅል) ማሻአላህ። የማን ናት?

ወግሪስ፦ ጠየቅኸኝ?

ያዮ፦ (ቀና ይላል፤ ደጁን ያያል፤ ስልኩ ከእጁ ይወድቃል) ግመሌ! ወግሪስ! በየት በኩል ሄደች? ንገረኝ! ቶሎ ንገረኝ!

ወግሪስ፦ ቁጭ በል ወንድሜ። ዳጉ በቁም አይሰጥም። እንግዲህ ዝናቡ ከተራራው ማዶ…