የአቦከሯ ደሴት

ሐረር ባሕር የላትም። ይህን የጂኦግራፊ መጽሐፍም፣ ጄሪካን ተሸክሞ የሚዞር ሰው ሁሉም በአንድ ቃል ይመሰክራሉ። ባሕር ስለሌላት ደሴት አይኖራትም ብሎ የደመደመ ሰው ካለ ግን የእኛን ሰፈር አያውቅም። እኛ የአቦከር ሰፈር ሰዎች ደሴት ነበረችን። በይፋ የተመረቀች፣ ጥበቃ የተቀጠረላት፣ ዙሪያዋን ገመድ የተወጠረላት ደሴት። የእኔ በር ከእሷ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ የባሕር ዳርቻ ነዋሪ ሆኜ ስለኖርኩበት ዘመን በክብር ልመሰክር ተነሥቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በቧንቧ ነው። መንገዱን ድንጋይ ሊያነጥፉ የመጡ ሰዎች በጎረቤቴ በእትዬ ዘነበች ግድግዳ ሥር ሲቆፍሩ መሥመሩን ሰበሩና፣ የተረፋቸውን አሸዋና ድንጋይ እዚያው ቆልለው ሄዱ። ሥራው በስኬት ተጠናቀቀ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ፈረቃችን ደርሶ ውሃ በመጣ ቁጥር፣ ውሃው እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እዚያች ግድግዳ ሥር ዐረፍ ይል ጀመር። መንገዱ ኩሬ ሆነ፤ ቁልሉ መሀሉ ላይ ቀረ። ሲውል ሲያድር ቁልሉ አረንጓዴ ለበሰ። ዳር ዳሩንም ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የምናውቀው ነጭ ጨው ጋገረበት። አናቱ ላይ አንድ ቂጡ የወጣ ሳፋ ተቀምጧል፤ ማን እንደጣለው እስካሁን አልታወቀም፤ ባለቤቱም እኔ ነኝ ብሎ አይወጣም።

እትዬ ዘነበች "ቧንቧውን ድፈኑልኝ" ብለው ያልሄዱበት ቢሮ የለም። የቸኮሉት ወደው አይደለም። ልጃቸው ገሊላ ድሬዳዋ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች፤ የምትታረሰው ደግሞ በወጉ እናቷ ቤት ነው። በእናቷ ቤት ለአራስ የምትሆን ክፍል አንዲት ብቻ ናት። እሷም ግድግዳዋ ከኩሬው ጋር ተቃቅፎ የሚያድረው ናት።

"እኔስ ልቻለው፤ አራስ እንዴት እርጥብ ላይ ትተኛለች?" ይሉ ነበር ላገኙት ሁሉ። ያገኙት ሁሉም ከልቡ ያዝንና ያልፋል።

በዚህ መካከል ነው አቶ ዘላለም የመጡት። አቶ ዘላለም የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው፤ የጽሕፈት ቤቱ ስም በጣም ረጅም ስለሆነ ዘልዬዋለሁ። ያን ሰሞን ከባሕር ማዶ፣ ከአንዲት ደሴት ሥልጠና ተመልሰው ነበር። እዚያ ሐውልት ባሕር ውስጥ ያሰጥሙና ትተውት ይሄዳሉ አሉ። ባሕሩ በራሱ ጊዜ ዛጎሉንም ቅጠላ ቅጠሉንም እያለበሰ ያስጌጠዋል።

"ሠዓሊው ማነው?" ብለው ጠየቁ።

"ባሕሩ ነው" አሏቸው።

"አበል አይጠይቅም?"

"አይጠይቅም።"

ከዚያች ዕለት ጀምሮ አቶ ዘላለም በዚህ ሠዓሊ ፍቅር ወደቁ። ወደ ሐረር ሲመለሱ ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የባሕሩ ጉዳይ። እንግዲህ እንዲህ እየተጨነቁ በእኛ መንገድ ሲያልፉ መኪናቸው ኩሬው ውስጥ ቆመች። ወረዱ። ጫማቸው ረጠበ። ቀና ሲሉ ቁልሉን አዩትና ደርቀው ቀሩ።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እየሳቡ ሮጠው ወጡ።

"እሰይ፣ መጣችሁልኝ! መፍቻ ይዛችኋል?"

"ዝም ይበሉ እትዬ" አሉ አቶ ዘላለም በሹክሹክታ። "ይህን ማን ሠራው?"

"የት አውቄ! ቆፍረው ጥለውት ሄዱ እንጂ።"

"ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም?"

"ማን ይነካዋል? ስንት ወር ሙሉ ለመንኩ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም።"

የአቶ ዘላለም ዓይን እንባ አቀረረ። "የሰው እጅ ያልገባበት!" አሉ።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ገመድ ተወጠረ፣ ጥበቃ ቆመ። ቁልሉ "በተፈጥሯዊ ሂደት የተከናወነ ደሴታዊ የውሃ ኪነ ጥበብ" ተብሎ ተሰየመ። በምረቃው ዕለት አቶ ዘላለም ልብ የሚነካ ንግግር አደረጉ። "ሌላው ዓለም ደሴት ፍለጋ ውቅያኖስ ያቋርጣል። የዚህ ሰፈር ሕዝብ ግን ከበሩ ሳይወጣ ደሴቱን ያያል!" አሉ። አጨበጨብን። እውነታቸውን ነው፤ ቦት ጫማ የሌለው ሰው ከበሩ መውጣት አይችልም ነበር።

ታዲያ ጥበብ ያለ ፈተና አይሆንምና ፈተናው መጣ። ፈረቃችን አለፈ፤ ባሕሩ መጉደል ጀመረ። አረንጓዴው ቢጫ ሆነ። ጥበቃው ደንግጦ ደወለ፤ ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ሰፈራችን ውሃ አጣን ብሎ ሲጮኽ ተሰብስቦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ለደሴቲቱ ተሰበሰበ። ከዚያም ታሪካዊ ውሳኔ ተላለፈ፤ ለጥበቡ ህልውና ሲባል በዚህ መሥመር ፈረቃ እንዲቀር።

እንግዲህ ውሃ በየቀኑ መጣ ብል ማን ያምነኛል? መጣ! ሌሊት አይደለም፣ ጠዋት አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ። ቁልሉን አልፎ የተረፈው እያንዳንዳችን ቤት ገባ። ሮቶዬ ሞልቶ ሲፈስ በዓይኔ አየሁ። ያኔ ነው ጥበብ የገባኝ። ጎረቤታችን አሚና ትናንት "ይሄ ቆሻሻ ነው፣ ወላሂ፣ ትንኝ ሊጨርሰን ነው" ስትል እንዳልነበር፣ ልብሷን አጥባ ስትጨርስ ደሴቲቱ ፊት ቆማ "ማሻአላህ! ባየኋት ቁጥር ታምርብኛለች" አለች። መላው ሰፈር የጥበብ አፍቃሪ ሆነ።

ከእትዬ ዘነበች በቀር። የእሳቸው ግድግዳ አሁን በየቀኑ ይጠጣል። ልስኑ ተገምሶ ወደቀ፤ ድንጋዩ ሆዱን ነፋ። ቧንቧው ይደፈን ባሉ ቁጥር ግን እኛው ጎረቤቶቻቸው ሄደን እንለማመጣቸው ጀመር።

"ገሊላ እኔ ቤት ትታረስ፤ የእኔ ክፍል ደረቅ ነው" አለቻቸው አሚና። ይህን ያለችው ከልቧ ነው፤ ውሃውን መውደዷም ከልቧ ነው።

"አንቺስ ደግ ነሽ። ግን ልጄ ናት አሚና፤ ጎረቤት ቤት ታርሳ ነገ ምን ልትለኝ ነው?" አሉና እንባቸው መጣ። አፈርኩ። አፍሬም ቤቴ ገብቼ ሮቶዬን ሞላሁ።

ገሊላ የምትመጣበት ሳምንት ሲደርስ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፉና ባጃጅ ተሳፍረው ፈረስ መጋላ፣ አቶ ዘላለም ቢሮ ሄዱ። እንደ ምስክር እኔን አስከትለዋል።

"ጌታዬ፣ ግድግዳዬ ሊወድቅ ነው።"

"ተፈጥሯዊ ሂደት ነው እትዬ። ጣልቃ መግባት አንችልም።"

"ነፍሰ ጡር ልጅ አለችኝ እኮ!"

"እሱም ተፈጥሯዊ ሂደት ነው።"

እትዬ ዘነበች ለመሄድ ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ሲያስቡ አየኋቸው።

"እንግዲህ አላስቸግርዎ" አሉ ቀዝቀዝ ብለው። "ወደ ውስጥ ቢሆን ራሴን ነበር የሚጫነኝ። ያጋደለው ወደ ውጭ ነው፤ ደሴቲቱ ላይ። ይደፈጥጣት እንደሆነ እንጃ።"

አቶ ዘላለም ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። "ጥበቡ ላይ?!"

"ተፈጥሮ አይደለች? ምን ይደረጋል።"

ከሰዓት በኋላ ግንበኛው ነስሮ ከነሲሚንቶው፣ ከነድንጋዩ፣ ከነሠራተኞቹ ደጃፋችን ደረሰ። በነፍሰ ጡር ያልተነቃነቀ ቢሮ ለአንድ ሳፋ ሲል ሲሮጥ ማየት መታደል ነው። ነስሮ ኩሬውን አየት አደረገና "እኔ በውሃ ላይ መሠረት አልጥልም፤ መጀመሪያ ቧንቧው ይደፈን" አለ። ኮሚቴው ከብዙ ክርክር በኋላ "ጥበቡን ከአደጋ ለመታደግ ጥበቡን ለጊዜው ማድረቅ" ሲል ወሰነ። ቧንቧው ተደፈነ። ስንት ወር የተለመነው ሥራ አንድ ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ አልፈጀም።

ግድግዳው ሲያልቅ ግንብ ሆነ፤ ከጀጎል ጋር ቢወዳደር አያፍርም። ደሴቲቱ ግን ተራ የአሸዋ ክምር ሆና አረፈች። አረንጓዴው በነነ፤ ሳፋው ብቻ ቀረ። አቶ ዘላለም ተስፋ አልቆረጡም፤ ጥበቡ "ወደ ደረቅ ምዕራፍ ተሸጋግሯል" ብለው ጥበቃውን እዚያው ተዉት። ባሕሩ ከሌለ ደግሞ ፈረቃ የሚቀርበት ምክንያት የለምና ፈረቃችን ተመለሰ።

ገሊላ መጣች፤ በሰላም ተገላገለች፤ ወንድ ልጅ። እልልታው ሰፈሩን ሞላው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ልንል ስንገባ ክፍሏ ደረቅ፣ ሙቅ፣ ኖራ የተቀባች ሆና አገኘናት። እትዬ ዘነበች ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ሁለት ቀን ብቻ። ከዚያ የሮቶው ውሃ አለቀ። የገንፎው ውሃ፣ የአራሷ መታጠቢያ፣ የጠያቂው እጅ ማስታጠቢያ፣ ከሁሉም በላይ ያ ትንሽ ጎረምሳ ያለ ፋታ የሚያበላሸው የሽንት ጨርቅ! ጨርቁ በሳፋ ተከመረ። ጠዋት ጠዋት እትዬ ዘነበች ጄሪካን ይዘው ከእኛ ጋር ወረፋ ይቆማሉ። እኛም እናያቸዋለን፤ እሳቸውም ያዩናል።

ፈረቃችን በደረሰበት ጠዋት ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ዶማ ይዘዋል። ጥበቃው ግራ ገብቶት ገመዱን ይዞ ቆሟል። አሚና ባዶ ባልዲዋን አቅፋ "ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ" እያለች ትመራለች። የሚቆፍሩት ከአዲሱ ግድግዳ ራቅ ብለው፣ መንገዱ ማዶ፣ መሥመሩ በሚያልፍበት በኩል ነው። በመጨረሻው ምት ውሃው ወደ ሰማይ ተተኮሰ። አሚና "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ባልዲዋን ደቀነች። እኔም ለጄሪካን ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ስመለስ አቶ ዘላለም ደርሰዋል፤ ጥበቃው ደውሎላቸው ነው። ውሃውን አዩ። የተቆፈረውን አፈር አዩ። ዶማውን አዩ።

"እትዬ ዘነበች! ይህን ማን አደረገው?"

እትዬ ዘነበች ዶማቸውን ተደግፈው ላባቸውን ጠረጉ።

"ተፈጥሮ ናት ልጄ" አሉ። "ጣልቃ አትግባ።"

አቶ ዘላለም ወደ ጥበቃው ዞሩና "ገመዱን ወደዚህ አዙረው" አሉት።

ገመዱ ዞረ። ከሰዓት በኋላ ነጭ በነጭ የሽንት ጨርቅ ታጥቦ ተሰጥቶበት ዋለ።