በእግር የመጣ አይስተናገድም

ወፍራም ሰው መወፈሩን ገና ያልሰማ የሚመስለው መካሪ የሌለበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ከሲድኒ በስተምዕራብ ጥግ ላይ ለምንኖር ለእኛ ለካራዋ ሰፈር ሰዎች የደረሱን ክቡር ኮሊን ትሬጌንዛ ናቸው። ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ቁምጣ ለባሽ።

ክቡርነታቸው ሱፐርማርኬት የሚመጡት ለግዢ ሳይሆን ለፍተሻ ነው። የዕቃ ጋሪዬን አስቁመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ አይስክሬሙን በጣታቸው ገፋ ያደርጉና፣ "ካርሜን፣ አፍ መዝጋትና እግር ማንሳት፤ ሌላ መድኃኒት የለውም" ይላሉ። ይቺን ቃል ለፖስተኛው ብለዋታል፤ ለቄሱም ብለዋታል። የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ለሙሽራው እናት፣ ኬኩ አፏ ጋ እንደደረሰ ብለዋታል። ሴትዮዋ ሳህኗን አስቀምጣ ወጣች። እሳቸው የቀረውን ኬክ እያዩ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ።

እኔ ደግሞ ስኳር አለብኝ። ሐኪሜ ዘንድሮ ቁርጡን ነግራኛለች፦ በየቀኑ ካልተራመድሽ የእግር ጣቶችሽን ልታጪ ትችያለሽ። እሺ፣ የት ልራመድ? ይህን ሰፈር የሠሩት ጌቶች ለየቤቱ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሲያነጥፉ ለሰው እግር አንድ ክንድ ሲሚንቶ ነፈጉ። አትክልት ቤቱ ተዘግቶ በርገር ቤት ተከፈተበት፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ሌላ በርገር ቤት። ቀኑን ሙሉ ቤቴ ተቀምጬ የኢንሹራንስ ስልክ ስመልስ እውላለሁ። ያለችንን አንድ መኪና ባሌ ይዟት ይወጣል፤ ሲመለስ መንገዱ ላይ የሚያገኘው በርገር ነው። ከዚያ "ወፈርሽ" እባላለሁ። ሰፈሩን እንዲህ አድርገው የሸጡልንን ሰዎች ጋሪ ግን አንድም ቀን ያስቆመ የለም። ይሄ ነው አንጀቴን የሚያሳርረኝ።

ክቡርነታቸውስ የት ነው የሚራመዱት? በየማለዳው ወንዝ ዳር ድረስ መኪና ነድተው ይሄዳሉ፣ እዚያ ይራመዳሉ፣ ነድተው ይመለሳሉ። ለመራመድ መኪና የምናስነሳ ሕዝብ ነን፤ ማንንም አይገርመውም።

አንድ ቅዳሜ እንደልማዳቸው ጋሪዬ ላይ ሲደርሱ ደሜ ፈላ።

"ጋሼ ኮሊን፣ ነገ አብረን እንራመድ። ከቤቴ እስከ ሱቆቹ፣ በእግር" አልኳቸው።

"ምን ችግር አለው? ለእኔ ይቺ ሰውነት ማሟሟቂያ ናት" አሉ።

በማግስቱ ተነሳን። የሰው ሣር ላይ ስንሄድ የሣር ማጠጫው አረሰረሰን፤ ከሣሩ ስንወርድ መኪናው ሁሉ ጡሩንባ ነፋብን። አንዱ ጎረምሳ በመስኮት ብቅ ብሎ ስለ መቀመጫዬ የሚባለውን ሁሉ አለ። ክቡርነታቸው ደንግጠው ዞረው ሲያዩኝ፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው አልኳቸው። አውራ ጎዳናው መሻገሪያ የለውም። ሮጠን ስንሻገር የጭነት መኪናው ንፋስ ኮፍያቸውን ይዞት ሄደ። ከዚያ ማዶ ያለውን ቦይ እኔ ዘለልኩት፤ እሳቸው ገቡበት። ጉልበታቸው ተላጠ።

በርገር ቤቱ ጋ ስንደርስ ፊታቸው አመድ መስሏል። በሩ ገና አልተከፈተም፤ የሚሠራው ሰዎች መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ የሚያዙበት መስኮት ብቻ ነበር። ከመኪኖቹ ኋላ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ አስተናጋጇ ልጅ በትሕትና፣ "ይቅርታ አባባ፣ በእግር የመጣ ሰው አናስተናግድም። ለደኅንነታችሁ ነው" አለቻቸው።

"ውሃ እኮ ነው ያልኩሽ፣ ልጄ።"

"መኪና ይዘው ይምጡ።"

ከኋላችን ያለው ሹፌር ጡሩንባውን ይለቀዋል። ክቡርነታቸው በቁጣ ወደ እኔ ዞሩ። "ታዲያ ሰው እዚህ አገር እንዴት አድርጎ ነው የሚራመደው?" አሉኝ።

"እኔም እኮ እሱን ነው የምለው" አልኩ።

ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ከእሳቸው አይጠበቅም። ግን ከዚያ ወዲህ ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ በጠራ ቁጥር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ለከንቲባው እያሳዩ የእግረኛ መንገድ ይጠይቃሉ። ከንቲባው "ይጠናል" ይላል። መንገዱ እስኪጠና ድረስ "ለጤናዎ ይራመዱ" የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተከሉልን። የተከሉት የት መሰላችሁ? እኔ በምረግጣት ጠባብ ሣር ላይ። አሁን እሱን ለማለፍ ወደ አስፋልቱ መውረድ ግድ ሆኗል። ክቡርነታቸው ሊነቅሉት ሲታገሉ ፖሊስ ነው ያስጣላቸው።

እስካሁን ጣቶቼ ሁሉም አሉ። ክቡርነታቸው በየማለዳው የቀን ሠራተኛ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው በሬን ያንኳኳሉ። ማታ ምን እንደበላሁ ይጠይቁኛል፤ እዋሻለሁ፤ መዋሸቴን ያውቃሉ፤ ምክሩ ይጀመራል። እስከ ሰሌዳው ድረስ ያንገበግቡኛል። እዚያ ስንደርስ ግን ንግግራቸውን ያቋርጡና ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ ገፋ ያደርጉኛል፤ እሳቸው የጭነት መኪኖቹ በሚያልፉበት በኩል ይሄዳሉ።